ሰሃኑን ገልብጦ ማንበብ፦ ጥንታዊ የዴንማርክ ፖርሴሊን እንዴት ይለያል?

የሮያል ኮፐንሃገን ሰሃን ገልብጣችሁ ስታዩ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሦስት ትናንሽ ሰማያዊ ሞገድ ነው። አብዛኛው ገዢ እሱን ካየ ይበቃዋል፤ «ሞገዱ አለ፣ እውነተኛ ነው» ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ሰሃኑ ጀርባ ላይ ግን ከሞገዱ ሌላ ሦስት አራት ምልክት ሊኖር ይችላል። እያንዳንዱን ያኖረው ሌላ እጅ ነው። ሞገዱን ሠዓሊው በብሩሽ ሠራው፤ ዘውዱና ስሙ በማኅተም ተመታ፤ የቅርጹ ቁጥር ተጻፈ፤ ሠዓሊው የራሱን መለያ ጨመረ፤ ዕቃው ከምድጃ ከወጣ በኋላ ደግሞ ለቃሚው ጉድለት ካገኘበት ጭረት አሳረፈበት። ፖርሴሊን መለየት ማለት የእነዚህ ምስክሮች ቃል እርስ በርሱ ይገጥማል ወይ ብሎ መመርመር ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከተጣላ ግዢው ይቆይ።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማን እጅ ወጣ?

ሮያል ኮፐንሃገን የተመሠረተው ግንቦት 1 ቀን 1775 ነው። ፍራንስ ሃይንሪክ ሙለር የተባለ የመድኃኒትና የኬሚስትሪ ሰው ቀመሩን አገኘ፤ ንግሥት ዩሊያነ ማሪየ ደጋፊው ሆነች፤ ለ50 ዓመት ብቻውን እንዲያመርትም ፈቃድ ተሰጠው። ሦስቱ ሞገድ ዴንማርክን የሚከፋፍሉት ሦስት የባሕር ወሽመጦች ናቸው፦ ኦረሱንድ፣ ስቶረቤልትና ሊለቤልት። በ1779 ንጉሡ ፋብሪካውን ጠቀለለው፤ በ1868 ወደ ግል ይዞታ ተመለሰ፤ «ንጉሣዊ» የሚለው ስምና ዘውዱ ግን አብረውት ቀሩ። ስለዚህ ዘውድ ያለበት ሁሉ ከቤተ መንግሥት የወጣ አይደለም።

ሁለተኛው ስም ቢንግ እና ግሮንዳል ነው፤ በ1853 ተመሠረተ፤ ምልክቱ ከኮፐንሃገን ከተማ አርማ የተወሰደ ሦስት ግንብ ነው። ሁለቱ ተፎካካሪዎች በ1987 ተዋሃዱ። ከዚያ በኋላ አንዳንድ የቢንግ እና ግሮንዳል ቅርጻ ቅርጾች በሮያል ኮፐንሃገን ማኅተም መውጣት ጀመሩ። ቅርጹ የቢንግ እና ግሮንዳል መሆኑ እየታወቀ ማኅተሙ የሮያል ኮፐንሃገን ከሆነ ዕቃው ከ1987 ወዲህ የተሠራ ነው፤ ሻጩ «የአያቴ ነበር» ቢልም። ሦስተኛው፣ ያነሰ ግን ሰብሳቢ የሚፈልገው፣ ቀድሞ በቢንግ እና ግሮንዳል የሠራው ቀራፂ ዳል-የንሰን በ1925 የከፈተው የራሱ ፋብሪካ ነው። በ2000ዎቹ የሮያል ኮፐንሃገን ምርት በአብዛኛው ወደ ታይላንድ ሄዷል፤ ያ ዘመናዊ ዕቃ ነው፣ በእጅ የተቀባም ቢሆን።

አካሉ

ምልክቱን ከማንበብ በፊት ዕቃው ራሱ ፖርሴሊን መሆኑን አረጋግጡ። የዴንማርኩ ጠንካራ ፖርሴሊን የሚሠራው ከካኦሊን፣ ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ነው፤ መጨረሻ ላይ ወደ 1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ይተኮሳል። በዚያ ሙቀት አካሉና ግሌዝ የሚባለው መስታወት መሳይ ሽፋን አንድ ላይ ይዋሃዳሉ። ውጤቱን በሦስት ነገር ታውቁታላችሁ። ሰሃኑን በስልክ መብራት ፊት ስትይዙት ከኋላ ያለው የጣታችሁ ጥላ ይታያል። በጣቶቻችሁ ጫፍ ላይ አስቀምጣችሁ ጠርዙን በጥፍር ስትመቱት እንደ ቃጭል ረዘም አድርጎ ይጮኻል። ጠረጴዛ የሚነካው የታችኛው ቀለበት ግሌዝ የለውም፤ እዚያ ላይ የውሃ ጠብታ ብታኖሩ አይጠጣም።

መብራት የማያሳልፍ፣ ድምፁ የታፈነ፣ ሽርፉ ላይ ቢጫ ወይም ግራጫ ሸክላ የሚታይበት፣ ሽፋኑም የሸረሪት ድር በሚመስል ስንጥቅ የተሞላ ከሆነ ፋየንስ ነው፤ ማለትም በግሌዝ የተሸፈነ ሸክላ እንጂ ፖርሴሊን አይደለም። የአሉሚኒያ ፋብሪካ በ1880ዎቹ ከሮያል ኮፐንሃገን ጋር አንድ ቤት ስለሆነ ፋየንሱም ላይ ሞገድ አለ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የወጡት «ባካ» እና «ተኔራ» የተባሉት የአበባ ማስቀመጫዎች የዚሁ ወገን ናቸው። ጥሩ ሥራዎች ናቸው፣ የራሳቸው ገበያም አላቸው፤ «ጥንታዊ ፖርሴሊን» ተብለው ሲሸጡ ግን ሁለቱም ቃል ውሸት ነው።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ይታወቅ። ከግሌዙ ሥር የተቀባ ቀለም 1,400 ዲግሪን መቻል አለበት። ያን የሚችሉት ጥቂት ናቸው፦ ኮባልት ሰማያዊውን፣ ክሮም አረንጓዴውን ይሰጣል፤ ሌላው ይቃጠላል ወይም ይጠፋል። በ1885 የሥነ ጥበብ ኃላፊ የሆነው አርኖልድ ክሮግ ይህን ድህነት ወደ ውበት ለወጠው፦ ጭጋግ ለብሶ የሚታይ ባሕር፣ ግራጫ ሰማይ፣ ደብዛዛ ወፎች። በ1889 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከፍተኛውን ሽልማት ያስገኘውም ይኸው ነው። ደማቅ ቀይ፣ ቢጫና ወርቅ ካያችሁ ግን ያ ከግሌዙ በላይ ተቀብቶ በዝቅተኛ ሙቀት፣ 800 ዲግሪ አካባቢ፣ እንደገና የተተኮሰ ነው። በጣት ሲዳሰስ ጎላ ይላል፤ በሹካና በቢላ ይፋቃል። ከሥር ያለው ሰማያዊ አይፋቅም። «ሰማያዊው በዕድሜ ብዛት ደብዝዟል» ያላችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

ሰማያዊው ሥዕል፦ ብሩሽ ነው ወይስ ህትመት?

የፋብሪካው የመጀመሪያ ንድፍ በዴንማርክኛ «ሙሰልማለት» ይባላል፤ ስሙ ከዛጎል መሳይ ሸንተረሩ የመጣ ነው። መነሻው ቻይና ነው፤ በጀርመኑ የማይሰን ፖርሴሊን ፋብሪካ በኩል ኮፐንሃገን ገባ። እኛም ቡና የምንጠጣበትን «ሲኒ» ያልነው በዐረብኛ «የቻይና» ከሚለው ቃል ወስደን ነውና፣ የዚህ ዕቃ ዘር ከየት እንደሚመዘዝ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም።

አንዱን ሰሃን ለመሙላት ከሺህ በላይ የብሩሽ ምት ይፈሳል። 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ያዙና አንድ ቅጠል ላይ ቆዩ። ብሩሹ ባረፈበትና በተነሣበት ቦታ ሰማያዊው ወፈር ብሎ ይጠቁራል፤ መሐል ላይ ይሳሳል። መስመሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። ከዚያ ሰሃኑን አዙሩና በሌላው ጎን ያለውን ተመሳሳይ ቅጠል ፈልጉ፤ ወንድሙ ነው እንጂ መንትያው አይደለም። በህትመት በተሠራ ዕቃ ግን ሁለቱ ቅጠሎች ነጥብ በነጥብ አንድ ናቸው፤ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ የህትመቱ ወረቀት የተጋጠመበት ቦታ ላይ ደግሞ ንድፉ ተቆርጦ ወይም ተደርቦ ይታያል። የእንግሊዙ ፈርኒቫልስ «ዴንማርክ» ብሎ የሰየመው ሰማያዊ ንድፍ እንዲህ ያለ ህትመት ነው። ስሙን ጀርባው ላይ አንብቦ «የዴንማርክ ነው» የሚል ብዙ ነው።

በእጅ መቀባቱ ብቻውንም አይበቃም። ብዙ የጀርመን ፋብሪካዎች ይህንኑ ንድፍ በእጅ ቀብተውታል፤ የኖርዌዩ ፖርሽግሩን ፋብሪካም ሠርቶታል፤ የእሱ ምልክት መልሕቅ ነው። የማያከራክረው ንድፉ ሳይሆን የሞገዱ፣ የቁጥሩና የብሩሹ መስማማት ነው።

ቁጥሩ በመሐል ሰያፍ መስመር ያለው ነው። ከመስመሩ በፊት ያለው ንድፉን፣ በኋላ ያለው ቅርጹን ይነግራል። 1 ሰማያዊው ሸንተረራም (ሙሰልማለት)፣ 10 ሰማያዊ አበባ፣ 20 ፍሎራ ዳኒካ (የዴንማርክ ዕፅዋት የተሣሉበት ንድፍ) ነው። ሸንተረራሙ ሦስት ዓይነት አለው፦ ተራው፣ ግማሽ ዳንቴልና ሙሉ ዳንቴል። ከ1 ቀጥሎ በ5፣ በ6 ወይም በ7 የሚጀምር ባለ ሦስት አኃዝ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ዳንቴል ነው፤ ከ1,000 በላይ ከሆነ ሙሉ ዳንቴል። በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ይህ አጻጻፍ ቀርቶ ሰባት አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር መጣ፤ እሱን ያየ «የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው» የሚለውን ወሬ አይስማ።

ዓመቱን ከፊደሉ

ይህ በጣም የሚጠቅመው ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ከ1935 ጀምሮ ፋብሪካው በማኅተሙ ውስጥ ካሉት ፊደላት በአንዱ ላይ ቀጭን ሰረዝ ያኖር ነበር። «ሮያል ኮፐንሃገን» በላቲን ሲጻፍ 15 ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓመት። የመጀመሪያው ቃል አምስት ፊደል ስላለው ከ1935 እስከ 1939 ይሸፍናል፦ አር 1935፣ ኦ 1936፣ ዋይ 1937፣ ኤ 1938፣ ኤል 1939። ሁለተኛው ቃል አሥር ስለሆነ አርባዎቹን በሙሉ ይይዛል፦ ሲ 1940፣ ኦ 1941፣ ፒ 1942፣ ኢ 1943፣ ኤን 1944፣ ኤች 1945፣ ኤ 1946፣ ጂ 1947፣ ኢ 1948፣ ኤን 1949። ከ1950 ጀምሮ ሰረዙ ከፊደሉ በታች ወረደ።

ስህተት የሚመጣው ከሚደጋገሙት ፊደላት ነው። ኦ እና ኤ በሁለቱም ቃላት ውስጥ አሉ፤ ኢ እና ኤን በሁለተኛው ቃል ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። ሰረዙ ኤን ላይ ካለ የመሐሉ ነው ወይስ የመጨረሻው? አንዱ የጦርነት ዓመት 1944 ነው፣ ሌላው 1949። ሰረዙ ከፀጉር ብዙ አይወፍርም፤ የማኅተም ቀለም ሲፈስም ሰረዝ ይመስላል፤ ስለዚህ በማጉያ መነጽር እንጂ በዓይን ብቻ አትወስኑ።

ሰረዝ የሌለው ማኅተም ከ1935 በፊት ሊሆን ይችላል። «ዴንማርክ» የሚል የአገር ስም ካለበት ደግሞ በአብዛኛው ከ1891 ወዲህ ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሚገባ ዕቃ የአገሩን ስም እንዲይዝ ስላስገደደ።

ማኅተም ጭራሽ የሌለው፣ የብሩሽ ሞገድ ብቻ ያለውስ? እዚህ ላይ ነው ጉጉት ሰውን የሚያስተው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ በእርግጥ እንዲህ ነው፤ ግን ክዳን፣ ትንሽ ሲኒና ማንኪያ ማስቀመጫም ቦታ ስለሌላቸው ብቻ ሞገድ ብቻ ይዘው ይወጣሉ። የድሮውን የሚያስመሰክረው አካሉ ነው፦ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነጭ፣ ሲቀመጥ በትንሹ የሚወላገድ፣ በግሌዙ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚመስሉ ነጥቦችና የአመድ ጥቁር ጠብታ ያለው፣ ሰማያዊው ከአንዱ ሰሃን ወደ ሌላው የሚለዋወጥ። ፍጹም ነጭና ፍጹም ክብ የሆነ «የ1780 ሰሃን» አጠራጣሪ ነው።

ጭረቱ

ሞገዱን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ግሌዙን የፋቀ መስመር ካለ ዕቃው ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ሁለት መስመር ካለ ሦስተኛ። በቢንግ እና ግሮንዳልም ግንቡ ላይ እንዲሁ ይጭሩ ነበር። ጉድለቱ ትንሽ ነጥብ ወይም ጎበጥ ያለ ጠርዝ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ለመጠቀም የሚገዛ ሰው አያሳስበውም፤ ዋጋውን ግን ይቀንሰዋል።

ጭረቱ ሌላም ይናገራል። ፋብሪካው ሳይቀባ የሸጠው ነጭ ዕቃ ላይም ጭረት ይደረግ ነበር፤ እነዚያን ነጮች የቤት ሠዓሊዎች ገዝተው አበባና ወርቅ ቀቡባቸው። ስለዚህ ሞገዱ የተጫረ፣ ላዩ ግን በብዙ ቀለምና ወርቅ ያጌጠ ዕቃ ካጋጠማችሁ ፖርሴሊኑ የፋብሪካው፣ ሥዕሉ የሌላ ሰው መሆኑን ጠርጥሩ።

ይህ በተለይ ለፍሎራ ዳኒካ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ፍሎራ ዳኒካ በ1790 ታዘዘ፤ ለሩሲያዋ ዳግማዊት ካትሪን ስጦታ ታስቦ ነበር ይባላል። እሷ በ1796 ሞተች፤ ሥራው ግን እስከ 1802 ቀጥሎ 1,802 ዕቃ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሥዕሎቹ የተቀዱት ከዴንማርክ የዕፅዋት መዝገብ ነው፤ አብዛኛውን የቀባው ዮሃን ክሪስቶፍ ባየር የሚባል አንድ ሰው ነበር። ከዚያ ስብስብ ወደ 1,500 የሚጠጋው እስከ ዛሬ አለ፤ አብዛኛው በዴንማርክ ነገሥታት እጅ ነው። ገበያ ላይ የሚታየው ማለት ይቻላል ሁሉ፣ ልዕልት አሌክሳንድራ በ1863 ለእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ስትዳር ምርቱ ከተጀመረ ወዲህ የተሠራ ነው። ቁጥሩ 20/3549 ከሆነ 25 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ የእራት ሰሃን ነው፤ ውድ ነው፣ ግን የባየር እጅ አይደለም። የተክሉ ስም በላቲን ጀርባው ላይ መጻፍ አለበት። ስሙ ከሌለ፣ ወይም ሆሄው ከተሳሳተ፣ ወይም ስሙ አንድ ተክል ሥዕሉ ሌላ ተክል ከሆነ ጉዳዩ አልቋል።

አሮጌ ሁሉ ብርቅ አይደለም

በዚህ የሚጎዳው የገና ሰሃን ገዢ ነው። የመጀመሪያውን የገና ሰሃን ቢንግ እና ግሮንዳል በ1895 አወጣ፤ ፍራንስ ሃሊን የሣለው፣ በበረዶ ከተሸፈነ መስኮት ወደ ከተማው የሚታይበት፣ 18 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነው። የተሠራው ወደ 400 ብቻ ስለሆነ ዛሬ ብርቅ ነው። ሆኖም ያው ሥዕል በ1915 የኢዮቤልዩ ሰሃን ላይ ተደግሟል፤ በመቶኛ ዓመቱም እንደገና ወጥቷል። ሥዕሉን ሳይሆን ጽሑፉን አንብቡ። ሮያል ኮፐንሃገን በ1908 ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ሰሃኖች 15 ሳንቲ ሜትር ናቸው፣ ከ1911 ወዲህ 18። ከ1908 በኋላ ባሉት ዓመታት በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በቼክኛ የተጻፈባቸውም አሉ፤ ከዴንማርክኛው ይልቅ እነሱ ጥቂት ናቸው። በጦርነቱ ዓመታት፣ በተለይ 1943 እና 1945፣ የወጡትም ይፈለጋሉ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ያሉት ግን ፋብሪካው ለሰብሳቢ ብሎ በገፍ ያመረታቸው ናቸው፤ ኮፐንሃገን ውስጥ በአሮጌ ዕቃ ገበያ በክምር ይሸጣሉ። ሰሃኑ ላይ የተጻፈው ዓመት ዕድሜ እንጂ ዋጋ አይደለም።

ጥገናን ማግኘት

ሰው ወይም ወፍ የሆነ ቅርጽ ከሆነ አንገት፣ ጣት፣ ምንቃርና የልብስ ጫፍ ላይ አተኩሩ፤ የሚሰበሩት እነዚህ ናቸው። የሐሰት ገንዘብ መለያው ሐምራዊ መብራት እዚህም ያገለግላል፦ በጨለማ ክፍል ውስጥ ስታበሩበት ፖርሴሊኑ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲታይ የጥገናው ቀለም እንደ ወተት ወይም ቢጫ ሆኖ ይለያል። ጎበዝ ጠጋኝ ይህን የማያሳይ ቀለም ስለሚያገኝ መብራቱ ብቻ አይበቃም። በጥርስ ጫፍ ነካ አድርጉት፤ ግሌዝ ቀዝቃዛና አንሸራታች ነው፣ ቀለም ለስለስ ብሎ ይይዛል። በመርፌ ግን አትፋቁ፤ የሌላ ሰው ዕቃ ነው።

ስንጥቅም ሁለት ዓይነት ነው። በምድጃ ውስጥ የተፈጠረው አፉ ክብ ነው፣ ግሌዝ ገብቶበታል፣ አይሰፋም። በኋላ የመጣው ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ጥፍር ይይዛል፣ ቆሻሻ ገብቶ ይጠቁራል፣ ሰሃኑ ሲመታ ድምፁን ይቆርጠዋል። የመጀመሪያው ዋጋውን በትንሹ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ሙቅ ሻይ ሲፈስበት ይቀጥላል።

ስታጥቡ ሳፋው ፕላስቲክ ይሁን፣ ሥሩ ፎጣ ይነጠፍ፣ ውሃው ለብ ያለ፣ ሳሙናው ለስላሳ። በረኪና አታስነኩ፤ በስንጥቅ ገብቶ ሲደርቅ ጨው እየሠራ ግሌዙን ከውስጥ ይገፋዋል። ወርቅ ያለበትን በዕቃ ማጠቢያ ማሽን የከተተ ሰው በጥቂት እጥበት ወርቁን ያጣል። ሰሃኖችን ስታነባብሩ በመካከላቸው ጨርቅ ወይም ወረቀት አኑሩ፤ የአንዱ ቀለበት የሌላውን ፊት ይፍቃልና።

በርቀት የምትገዙ ከሆነ ከሻጩ አምስት ፎቶ ጠይቁ፦ ፊቱን ሙሉ፣ ጀርባውን ሙሉ፣ ማኅተሙን በቅርብ፣ ጠርዙን ዙሪያውን፣ አምስተኛውን ደግሞ ሞገዱን መብራቱ ከጎን እየመጣ። ፊት ለፊት በሚበራ ብርሃን ግሌዙ ላይ ያለ ጭረት አይታይም፤ ከጎን በመጣ ብርሃን ጥላ ስለሚጥል ይወጣል። አራቱን ልኮ አምስተኛውን የማይልክ ሻጭ ያጋጥማችኋል፤ ዋጋውን በሁለተኛ ደረጃ አስቡት።